ይቅርታ በእንግሊዝኛ

ጎረቤቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ናት። ወደ እንግዳ መቀበያ ለመዛወር የጽሑፍ ፈተና ልትፈተን ነው። ፈተናው ቅሬታ ላቀረበ እንግዳ በእንግሊዝኛ መልስ መጻፍ ነው። ካለፈች ወገቧ ያርፋል፤ ከወደቀች አልጋ ማንጠፉና መታጠቢያ ቤት መፈተጉ ይቀጥላል። ባለፈው ስትወድቅማ ፈተናውን ያወጣነው እኛ ይመስል ሰፈሩን በሙሉ አኩርፋ ነበር።

ዘንድሮ ቃላት ለማጥናት ብላ ቤቱን ወረቀት በወረቀት አደረገችው። በሩ፣ ወንበሩ፣ ማንኪያው ሳይቀር ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተለጥፎበታል። ስኳር ልበደር የገባሁ ቀን፣

«እትዬ፣ በስሙ ካልጠራሽው አይሰጥሽም» አለችኝ።

«ሹገር» አልኳትና ቆርቆሮውን ይዤ ወጣሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትን ሴትዮ ምን አድርጋ ቆጥራኝ ነው!

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሽክ ማለት ይወዳል፤ ሸሚዙ ላይ አንዲት ፀጉር ካረፈች ሥራ ያቆማል። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ጠዋት ጀርባው ላይ «ፒሎው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሥራ ገባ። ትራስ ማለት ነው። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ካልሲውን ሲያጠልቅ፣ ወረቀቱ ከትራሱ ተላቅቆ እሱ ላይ ተጣብቋል። ተራ የሚጠብቁት ከኋላው አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይንፈቀፈቃሉ። እሱ ጨዋታው የያዘለት መስሎት ጭራሽ ወሬውን ያደምቀዋል። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ሆኖ፣ በመጨረሻ አንዱ ሲወጣ «በል ደህና ዋል፣ ፒሎው!» አለው። በቃ፣ ስም ወጣለት።

ቤት ገብቶ ኩርፊያ። ይቅርታ ስትለው፣

«በአፍሽ አልሰማም። ይሄን ያህል ከወደድሽው በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ!» አላት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ነው፣ ማንበብ አያቅተውም። ፖስተኛዋ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከምታጠናበት መጽሐፍ እንዳለ ገልብጣ ሰጠችኝ። ባሏ አንብቦ እኔ ላይ አፈጠጠ።

«"ክቡር ደንበኛችን፣ ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ እናዝናለን" ትላለች። ከማን ጋር ሆና ነው የምታዝነው? እኔስ ከመቼ ወዲህ ነው ደንበኛዋ የሆንኩት?»

«እኔ ምን አውቄ? አድርሺ ተብዬ አደረስኩ።»

«መልሺላት!»

ለሁለተኛው መዝገበ ቃላት አገላብጣ ረጃጅም ቃላት አጨቀችበት። ፒሎው የመጀመሪያውን መስመር ደጋግሞ አነበበ፣ ግንባሩን አሸ። «እትዬ፣ ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ?»

ይህን ስነግራት እስክሪብቶዋን ወረወረች። «ባሌ ያልገባውን ፈታኙ እንዴት አድርጎ ይገባዋል? አልቆልኛል በቃ።»

«አንቺ ልጅ፣ መዝገበ ቃላቱን ዝጊና የሆነውን ለእኔ ንገሪኝ።»

መዝገበ ቃላቱን ዘጋች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ጠዋት ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። ልጠራው ስል ሳቄ መጣ፤ ስቄ እስክጨርስ መንገዱን ታጥፎ ሄደ።»

«ወይ አንቺ!» ብል እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «በይ እሱኑ ጻፊው።»

«ያባርረኛል እኮ!»

«በእንግሊዝኛ ማባረር አይችልበትም። ጻፊ።»

የምታውቃቸውን ቃላት ይዛ ጀመረች። «ትራሱ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ወረቀቱ ጀርባህ ላይ ሆኖ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሳቅኩ። መጥራት ነበረብኝ፣ አልጠራሁህም። ሰዎች ሲስቁብህ ዋሉ። አፍሬያለሁ።» መዝገበ ቃላቱን የከፈተችው «አፍሬያለሁ» የሚለውን ፍለጋ ብቻ ነበር። ስታገኘው እንደጠፋ ልጅ «መጣህልኝ!» አለችው።

ይዤው ስገባ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ተቀምጧል። ፒሎው መቀሱን አስቀምጦ አነበበ።

«አይታኛለች?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው! ደንበኛው ፎጣውን እንደተጠመጠመ ዞሮ «ምን አለች?» ይላል። ፒሎው የደብዳቤውን ጀርባ ገልብጦ በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጻፈና ሰጠኝ። «ከዚያስ? ስትስቂ ምን ትዪ ነበር?» ይላል።

እሷም ጻፈች፣ እሱም መለሰ። የሱቁ ኪራይ፣ የእናቷ ጉልበት፣ ማታ የሚያንኮራፋው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ እግሬ ሊቀጥን ደርሶ ነበር።

ከፈተናው ስትመለስ በሬ ላይ ጠበቅኳት።

«የእንግዳው ሸሚዝ እኛ ጋ ታጥቦ አጥሮበታል፤ ቅሬታው ያ ነው» አለችኝ። «አጠገቤ ያለችው "ክቡር ደንበኛችን" ብላ ስትጀምር አየሁ። እኔ ግን የሆነውን ጻፍኩ። ውሃው ከመጠን በላይ እንደሞቀ፣ ሸሚዙ የልጅ ልብስ እንዳከለ፣ ማጠሩን እያወቅን ዝም ብለን አጣጥፈን ማስቀመጣችን እንዳሳፈረን። ከዚያ ምን እንደምናደርግለት።»

«ቃል አላጠረሽም?»

«አጥሮኛል። ግን የማላውቀውን ትቼ በማውቀው ዞርኩበት።»

አለፈች። አሁን ፒሎው ሱቅ ገብቶ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የሚቆረጥ ሰው የለም። ትናንትም «እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ሲል በግድግዳው ሰማሁትና፣

«ምኑን ነው ያስተማርካት?» ብዬ ጮህኩበት።

«ሁለቴ ደብዳቤዋን መለስኩባት እኮ እትዬ! ከዚህ በላይ ምን ላስተምራት?»