ቮልሷ ታንኳኳለች

ትርፌ አረካ ውስጥ አስተማሪ ናት። በ1996 ክረምት፣ አባቷ ያወረሷት አሮጌ ቮልስ ከኋላ በኩል ጣ ጣ ጣ ማለት ስትጀምር፣ ወላይታ ሶዶ ድረስ ነድታ ሀብተሚካኤል ጋራዥ ወሰደቻት። ሀብተሚካኤል በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ የሸመገለ መካኒክ ነው።

ሞተሩን አስነሥቶ ጎንበስ አለና፣ "ዘይት ነው" አላት። ዘይት ቀየረላት። ገና ከከተማው ሳትወጣ ድምፁ ተመለሰ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሀብተሚካኤል የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በተነሣው ሞተር ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ለነገ ይደርስልኛል?"

ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣና፣ "አዎ፣ ከሞቀች ይጠፋል" አላት።

ጮክ ብላ ደግማ ጠየቀችው። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"እየቀለዱብኝ ነው?" አለች ትርፌ ተናዳ።

ባለቤቱ ማሚቱ ከቤት ወጣች። ክንዱን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችውና፣ አፏን እንዲያይ ቀስ እያለች፣ "ንገራት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ" አለችው።

ሀብተሚካኤል ሞተሩን አጠፋ። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"ጆሮዬ ከዳኝ፣ ልጄ። ቀኙ ከደነቆረ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ግራውም ተከተለው። ማንኳኳቷን በጥርሴ አውቃለሁ፤ ከየትኛው ቫልቭ እንደሆነ ግን አይለይልኝም። ያን ለት ዘይት ነው ያልኩሽ አፍሬ ነው።"

ትርፌ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ "ታዲያ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት?" አለችው።

"እሱ የአንቺ ፈንታ ነው። ቫልቭ ማስተካከል ግን የእጅ ሥራ ነው። የሚሰማልኝ ሰው ካለ እሠራዋለሁ።"

ትርፌ ትንሽ አሰበችና ቁልፉን ሰጠችው። ሞተር ሳይቀዘቅዝ ቫልቭ አይለካምና ቮልሷ እዚያው አደረች። ጠዋት ሀብተሚካኤል በጀርባው ሥሯ ገብቶ የቫልቮቹን ክዳን ከፈተ። ትርፌ ከላይ ሆና ሞተሩን በመፍቻ ታዞርለታለች፤ እሱ ቀጭኗን መለኪያ ብረት በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል እያስገባ ይስባል። መለኪያዋ ስትሳብ ትንሽ ያዝ ካላለች፣ ማስተካከያ ብሎኑን የያዘውን ዳዶ አላልቶ በካቻቢቴ ያስተካክለዋል።

ሲጨርስ ሞተሩ ተነሣ። ትርፌና ማሚቱ አጎንብሰው አዳመጡ።

"ጠፋ!" አለች ትርፌ።

"አልጠፋም። አንዷ ቫልቭ አሁንም ታንኳኳለች፤ በዚህ በኩል" አለች ማሚቱ፣ ግራውን እየጠቆመች።

"እኔ ምንም አይሰማኝም።"

"እኔ ይሰማኛል።"

ሀብተሚካኤል የሁለቱንም ፊት አየ፤ ከዚያ የሚስቱን አመነ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ከሰዓት በኋላ በግራ በኩል ያለውን ክዳን ፈታ። አንደኛው ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ዞሮ፣ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበር። አሁን ብሎኑን በካቻቢቴ ጥርቅም አድርጎ ይዞ አጠበቀው። ሞተሩ ሲነሣ ማሚቱም ምንም አላገኘችበትም።

ማምሻውን ትርፌ ከአረካ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ማሚቱ ናት።

"ቮልሷ የመንገዱን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው!" አለቻት።

ማሚቱ ወደ ባሏ ዞራ ማርሽ እንደሚያስገባ ሰው እጇን አንቀሳቅሳ ሦስት ጣት አሳየችው። ገባውና ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሀብተሚካኤል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጆሮው እንደማይሰማ ለባለመኪናው ይናገራል። ሰምተው ሌላ ጋራዥ የሄዱ አሉ። ለቀሩት፣ ሞተር ሲነሣ ማሚቱ የያዘችውን ትታ ትመጣለች።