ለተቆጣጣሪው የተጎዘጎዘ ቄጤማ

እና ደግሞ ማን ነው ያስጎዘጎዘው፣ እሷው ናት፣ ሌላ ማን አለ፣ ሰኞ ጠዋት ከጨፌው አሳጭዳ በሸክም ያስመጣችው እሷው ለተጊዮርጊስ ናት፣ የክብሪት ፋብሪካው የመንከሪያ ክፍል አለቃ፣ የመንግሥት እንግዳ ባዶ ሲሚንቶ አይረግጥም ብላ፣ ክብር ነው ብላ፣ ይኸው ክብሩ እግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከላይ ለምለም ነው። ከላይማ ሁሉም ለምለም ነው።

ተቆጣጣሪው ሰኞ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፣ ማክሰኞም ቀረ፣ የሹም ቀጠሮ የነሐሴ ፀሐይ፣ እነሆ ዛሬ ዓርብ፣ በየጠዋቱ ትኩስ ቄጤማ በአሮጌው ላይ እየጨመሩ ሥሩ ድርቆሽ ሆነ፣ የክብሪት እንጨት ከሚደረደርበት ፍሬም የሚረግፈው የክብሪት ራስ ደግሞ፣ የሰኞው፣ የትናንቱ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ተሰግስጓል፣ ጤፍ ጭድ ውስጥ እንደሚቀር። ይህ ክብሪት እኮ ድንጋይም ላይ ቢጭሩት የሚነድ ነው፣ ባላገሩ የሚወደው ለዚያ ነው።

ለምን አልተጠረገም፣ እንዴት ይጠረግ፣ እንግዳ ሳይረግጠው የተነሣ ጉዝጓዝ ለቤቱ ደግ አይደለም ያለችው ማን ሆነና፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሣህሌም እውነትሽን ነው አሉ፣ ባሕር ተሻግረው የተማሩ ሰው፣ ጉዝጓዝ ላይ ሲደርሱ የእናታቸው ልጅ ናቸው።

ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወለሉ በየማታው በውሃ ታጥቦ ይጠረግ። ለክፍሉ ሠራተኛ ሴቶች ያነበበችላቸው እሷ ናት፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅማ የተማረች ሴት፣ ጮክ ብላ፣ አንድ ነጥብ ሳትዘል፣ እንደ ድርሳን፣ እነሱም እንደ ድርሳን ሰምተው አሜን ብለው ሄዱ፣ እሷም ሄደች፣ ማንበብና መስማት አንድ መስሏት።

የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ተቆጣጣሪው እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ ከዚያ ካርቶን ቤት፣ ከዚያ እኛ። ሲገባ ጫማውን ሰምታዋለች፣ ሶሉ ብረት የተመታበት፣ ግቢው ድንጋይ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ። ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ናቸው፣ የእነሱ ተረከዝ አይጭርም፣ ያ ጫማ ግን፣ ያ ጫማ አንዴ ቢዞር፣ አንዴ ቢንሸራተት፣

ውሃ። ውሃ ልድፋበት። በርሜሉ ባዶ ነው። ለእሳት የተቀመጠው ውሃ ትናንት የመስኮቱ መስታወት ታጠበበት፣ እንግዳው እንዲያየው፣ በርሜሉማ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ አምሮበታል፣ ጉድ እኮ ነው፣ ለመታየት ስንሰናዳ ለእሳቱ ተሰናዳንለት። ልጥረገው? ደረቁን በመጥረጊያ መፈግፈግ ራሱ መጫር ነው።

እትዬ ለተ፣ ምን ያቅበጠብጥዎታል፣ ሙሽራ የሚመጣልዎ ይመስል፣ ትላለች ሎሚ ፍሬሙን ከሊጡ ላይ እያነሣች፣ ሊጥ ነው የሚሉት ያንን ቀዩን የእሳት ቅባት፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። ዝም በይና ሥራሽን ያዢ፣ ምላስሽ ከዚህ ሊጥ ይብሳል። ምን አደረግኩ እትዬ፣ ስሙ ፉፋ ነው አሉ፣ የኛ ሰው ነው፣ በኦሮምኛ ሰላም ልበለውና ቶሎ ይለፍልን? ደግሞ ሳቅ። ይህቺ ልጅ ከላምበረት ማዶ እየዘፈነች ነው የምትመጣው፣ ስትስቅ ትከሻዋ ፍሬሙን ይነቀንቀዋል፣ ከፍሬሙ ደግሞ ይረግፋል፣ ይረግፋል፣

ወለተማርያም። አይ፣ አሁን አትምጪ። ባለፈው ክረምት ፍሬሙ እጇ ላይ ሲነድ አልጮኸችም፣ ማንም አይነግርሽም ይህን፣ ሰው ሲቃጠል ዝም ይላል፣ ነጠላዋን ሲያነሡላት ቆዳዋ አብሮ ተነሣ። አሁን እሑድ እሑድ የካ ሚካኤል ደጅ እጇን ሸፍና ትቀመጣለች፣ ቦታዬን ማን ያዘው ትላለች፣ እየሳቀች። ሎሚ ናት የያዘችው።

ብናገርስ። ብናገር ፋብሪካው ይታሸጋል። እነዚህ ሁሉ ሴቶች ነገ ወደ እንጦጦ፣ ወደ እንጨት ሸክሙ፣ ወገብ እስኪሰበር፣ እና በለተጊዮርጊስ አፍ ነው የተዘጋብን ይላሉ፣ ልክ ናቸው። አቶ ሣህሌስ፣ አንቺን ብዬ አለቃ ያደረግኩሽ ይላሉ፣ ፊደል የቆጠረች ሴት ጠላት ናት ይላሉ። ባልናገርስ። ባልናገር፣ ምናልባት ምንም አይሆንም፣ ስንት ቀን ምንም አልሆነም፣ ዛሬም ቀስ ብሎ ይረግጥና ይሄዳል፣ ማታ እንጠርጋለን፣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት፣ ምናልባት እኮ ነው ወለተማርያምን የበላት።

ቀጭ። ቀጭ። ካርቶን ቤቱን እንዲህ ቶሎ ጨረሰ እንዴ፣ ምን ዓይነት ቁጥጥር ነው ይህ፣ ሰውየው ሊያይ ነው የመጣው ወይስ ሊታይ።

በሩ ላይ ትቆማለች፣ እጇን ዘርግታ፣ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ከፊቷ ቀጭን ሰው፣ የገበሬ ልጅ ነው ይሉታል፣ ኮፍያውን እንደ ዕቃ በሁለት እጁ የያዘ፣ ከኋላው አቶ ሣህሌ ላባቸውን እየጠረጉ።

ጫማዎን ያውልቁ ጌታዬ።

ምን ማለትሽ ነው ለተጊዮርጊስ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ?

ደንብ ነው፣ ትላለች ምላሷ፣ ከየት እንዳመጣችው። እርስዎም ያውልቁ አቶ ሣህሌ።

ተቆጣጣሪው ይስቃል፣ ጎንበስ ብሎ ክሩን ይፈታል፣ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል፣ ሚስቴ ብታይ ጉዴ ፈላ፣ ይላል፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ፣ አቶ ሣህሌ ጥርሳቸውን ነክሰው ያወልቃሉ። ገቡ። በእግር ጣት፣ እንደ ድመት። ኮሽ፣ ኮሽ። ምንም የለም። ምንም አልሆነም። እግዚአብሔር ይመስገን።

በስንት ፋብሪካ ዞሬያለሁ፣ ይላል አቶ ፉፋ፣ ጫማ የሚያስወልቅ ግን አላየሁም፣ ትልቅ አስተዋይነት ነው፣ ለሌሎቹም እነግራለሁ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ክፍል፣ ለምለም፣ ጥሩ ሽታ ያለው። እኛ በጥንቃቄ ቀልድ አናውቅም ጌታዬ፣ አቶ ሣህሌ ደረታቸው ተነፋ፣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቀኝ እጄ ናት። ወይዘሮ። ዛሬ ወይዘሮ ሆነች።

አለቀ እኮ። ዝም በይ። አለፈ። ይወጣል፣ ጫማውን ያስራል፣ ፊርማ፣ እና ቀኝ እጅ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። እና ነገ አቶ ሣህሌ በጫማቸው ይገባሉ፣ ማን ያስወልቃቸዋል፣ እሷ? እና ይህ ሰው በየፋብሪካው ቄጤማ ጎዝጉዙ፣ ጫማ አውልቁ እያለ ይዞራል፣ የሷን ውሸት ደንብ አድርጎ፣ ሌላ ቦታ ሌላ ወለተማርያም፣ ሎሚ ደግሞ ይህንን ሁሉ ሳታውቅ ፍሬሟን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማለች፣ ሌላውን እግሯን በቄጤማው ታካለች፣ እከክ እከክ፣ ደረቁ ላይ፣ ልጄ እግርሽን አቁሚ፣

እግርሽን አቁሚ! ይህንን ጮኸችው። ሁሉም ዞሩ።

ትጎነበሳለች። ጣቶቿ ትኩሱን አልፈው ደረቁ ውስጥ ይገባሉ፣ ቀስ ብለው፣ ከዶሮ ሥር እንቁላል እንደሚወስድ እጅ፣ አንድ እፍኝ ታነሣለች። እጅዎን ይዘርጉ ጌታዬ። በረከት የሚሰጡት መስሎት ነው መሰለኝ ሁለቱንም ይዘረጋል፣ እሷም ድርቆሹን በመዳፉ ላይ ትፈታዋለች፣ ይረግፋል፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ሰውየው አይስቅም። እጁን አይጨብጥም፣ አያራግፍም፣ ገብቶታል።

ሎሚ፣ ፍሬሙን አስቀምጪ፣ ሴቶቹን ይዘሽ ውጪ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እግራችሁን እያነሣችሁ፣ እንዳትሮጡ። ይወጣሉ። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይቀልድም፣ አንዷ ብቻ ሥራችንስ ትላለች በሹክሹክታ፣ ውጪ፣ በኋላ ስደቢኝ፣ በእግርሽ ቆመሽ ስደቢኝ። የመጨረሻዋ ተረከዝ ደፉን ሲሻገር ወደ ተቆጣጣሪው ትዞራለች።

አቶ ሣህሌ ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሷ ትቀድማቸዋለች።

ጫማ የሚያስወልቅ ደንብ የለንም ጌታዬ፣ ያስጎዘጎዝኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይጠረግ ያልኩትም እኔ፣ በርሜሉንም ገልጠው ይዩት፣ ባዶ ነው፣ ከዚያ ይጻፉ፣ ለተጊዮርጊስ ብለው ይጻፉ፣ ስሜን አያሳጥሩት።