የመስመሩ ዋጋ

የሆስፒታሉ የፋይናንስ ኃላፊ ገና ወንበሩን ሳይስብ «በተጠቀምነው ልክ የምንከፍለውን መርጠናል፤ ውሉም ተፈርሟል» ሲል የኔትወርክ ባለሙያዋ ደሟ ፈላ። ታዲያ ለምን ስብሰባ ጠራት? ለወግ!

ሆስፒታሉን ከቅርንጫፍ ክሊኒኮቹ ጋር ለሚያገናኘው የዳታ መስመር የቀረቡትን ሁለት የዋጋ አማራጮች አነጻጽሪ ተብላ ስትደክም የከረመችው እሷ ናት። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ቅርንጫፍ ክሊኒኮቹ ብዙም ላኩ ጥቂት፣ ወርሃዊ ክፍያው አይነቃነቅም። ሁለተኛው መነሻው ርካሽ ሆኖ በመስመሩ ያለፈው ሁሉ እየተቆጠረ የሚከፈልበት ነው፤ ቀን ውድ፣ ማታ ግን ነጻ ለማለት ጥቂት የቀረው። ሰውዬው ይህኛው ያዋጣል ያለው የአንድ ወር ፍጆታ አይቶ ነው። የትኛውን ወር? የሩቁ ቅርንጫፍ ሲቲ ስካን ተበላሽቶ፣ ሽፋን ለብሶ የቆመበትን ወር! ማሽኑ ካልሠራ ምን ይላካል? አሁን መጠገኑን በጽሑፍም በቃልም ነግራዋለች። እሺ ብሏት ነበር፤ እሺታው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እዚያ ቅርንጫፍ የጭንቅላት ምስል የሚያነብ ሐኪም የለም። ምስሉ ወደ ዋናው ሆስፒታል ተልኮ እዚህ ይነበባል፤ በሽተኛው በአምቡላንስ ይምጣ ወይስ እዚያው ይታከም የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን ምስል እንዳያልፍ መስመሩን ያዥልኝ፤ ማታ ይላካል» አላት።

«ጋሼ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈሰው ሰው እስከ ማታ ምን ይሁን?»

«አታጋኚ። እኔ የማየው አማካዩን ነው።»

ጋሼ የምትለው የታላቅ እህቷ ባል ስለሆነ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው፤ ይህንንም በየሰበቡ ማንሳት አይሰለቸውም። ቤተሰብ እንዳይበጠበጥ ስትል ስንቱን ዋጥ አድርጋለች! ዛሬም ዋጠችው። ክፍሏ ገብታ የታዘዘችውን አደረገች። በእሱ ተናደደች፤ በራሷ ግን ባሰባት።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ትእዛዙ መፈጸሙን ሊያረጋግጥ መጥቶ ከጀርባዋ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሩቁ ቅርንጫፍ ነርስ ናት። ከጣሪያ የወደቀ አናጢ ገብቷል፣ ስካን ተነሥቷል፣ ምስሉ ግን አልሄድ ብሏታል፤ በዋናው ሆስፒታል በኩል ችግር ይኖር እንደሆን ጠየቀች።

ባለሙያዋ ስልኩን ለሰውዬው ዘረጋችለት።

«እስከ ማታ ጠብቂ ብለው ራስዎ ይንገሯት።»

አልተቀበላትም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወግድልኝ አለች በሆዷ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እገዳውን አነሣች። ምስሉ ማለፍ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፍጆታውን የሚያሳየው ቆጣሪም ሽቅብ ተወነጨፈ። ያን ጊዜ ሰውዬው ከመስኮቱ ተመልሶ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለ።

«ስንት ቆጠረ?» አላት።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ማን ነው እሱ?» አለች ነርሷ።