ከቄራ የመጣው ሰማያዊ

ኡርሱላ ሄንከል በየማለዳው ሁለት ባልዲ የበሬ ደም ከቄራ ተሸክማ ስታልፍ፣ በወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት የበርሊን ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ያዞራሉ። አትቀየማቸውም። ከራሷ የምትሸሽበት ብታገኝ እሷም በሸሸች ነበር።

ወታደሩ ባሏ በሽትራልዙንድ ከተማ ከበባ ከሞተ ወዲህ ያገኘችው ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ቀለም ሠሪው ቫለንቲን ክሮል ጓሮው ውስጥ ባለች ዳስ ያሠራታል። ደሙን በብረት ድስት ታደርቃለች፤ ከአመድ በተጣራ ጨው ለውሳ እስኪከስል ትቆላዋለች። በበጋ ደሙ እሳት ሳይነካው ስለሚተላ ትሉን በጭልፋ ትለቅማለች። ጭሱ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ሞራ ይለጠፋል፤ ዳቦ ስትቆርስ ዳቦው ያንኑ ይሸታል።

ከሰሉ ታጥቦ ክሮል ብረት የሟሟበትን ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ግን፣ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ ዓይን የሚይዝ ሰማያዊ ይወጣል። ለገዢዎቹ ከሩቅ አገር ተራራ የሚፈለፈል ድንጋይ ነው ይላቸዋል።

«አፍሽን ያዢ ኡርሱላ፤ ምስጢሩ የወጣ ቀን ጦማችንን ነው የምናድረው» ይላታል ለእሷ።

በፀደይ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሥዕል አሠራ፤ ክርስቶስ ሰማያዊ ካባ ለብሶ። ቀለሙ የክሮል ነበር። ሥዕሉ በሚገለጥበት እሑድ ኡርሱላ ገላዋን ሦስት ጊዜ በአሸዋ ፈትጋ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ መካከለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የጸሎት መጽሐፏን ይዛ እየተንፏቀቀች ራቀች። ቄስ ሌንትስ ጎንበስ ብለው፣

«እህቴ፣ በሩ አጠገብ ብትቀመጪ፤ ምእመኑ ተቸግሯል» አሏት።

ሄዳ ተቀመጠች። ቄሱም ወደ ሥዕሉ እያመለከቱ፣ «ንጽሕና ማለት ይህ ነው፤ የምድር እድፍ ያልነካው» ብለው ሰበኩ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ክሮል ከፊት ወንበር አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል። ኡርሱላን ያን ጊዜ አንገሸገሻት። ትሉ እንኳ እንዲህ አድርጓት አያውቅም።

ሰው ሲወጣ ጠብቃ ቄሱና ክሮል የቆሙበት ሄደች።

«አባቴ፣ ያ ካባ የበሬ ደም ነው። የቆላሁት እኔ ነኝ።»

ክሮል ሳቀ። «ምስኪን፣ ጭሱ ራሷ ላይ ወጥቶባታል።»

«እጄን ያሽትቱት» ብላ ለቄሱ ዘረጋችላቸው።

ቄሱ አላሸተቱም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ክሮልን አዩት። ፊቱ ደም መስሏል። ነገሩ ገባቸው።

«ለማን ነግረሻል?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገሪ። ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ ሰውም ወዶታል።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«በሩ ጋ አየሩ ይሻልሻል።»

በማግስቱ ክሮል ጥሩ ሳሙና ይዞ ዳሱ ድረስ መጣ። እንዲህ ተለሳልሶ አያውቅም። የተዘረጋውን እጁን፣ ንጹሕ ጥፍሩን አየች።

«ደሙን ለምጄው ነበር» አለችው። «እርስዎን ግን አልለምድም።»

ሽርጧን ድስቱ ላይ ጥላ ወጣች። ስፓንዳው ከተማ ያለችው የባሏ እህት ዘንድ ሄዳ ጥቅል ጎመን ትኮተኩት ጀመር። ሽታው አልለቅ ስላላት ጸጉሯን ከሥሩ ቆርጣ ቀበረችው። የባሏ እህት እየሳቀች «ጸጉሩ የተሸለተ በግ መሰልሽ» ብትላትም፣ ከሷ አጠገብ መብላቱን ግን አልተወችም።

በሁለተኛው ወር ክሮል ራሱ መጣ። የተካት ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን እያስመለሰው ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ድስቱን የሚያማስለው እሱ ነው። አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሳይጠየቅ ቁጭ አለ። እጅጌው ላይ ደም ደርቋል፣ ዝንብ ተከትሎታል።

«ተመለሽ እባክሽ» አላት። «ምግብ አልወርድ አለኝ።»

ልታዝንለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። የሸተታት ደሙ አልነበረም፤ ያ የእሑዱ ሳቁ ነበር።

«ይሂዱ» አለችው፣ መኮትኮቷን ሳታቋርጥ።

ሲሄድ ውሃ አፍልታ የተቀመጠበትን አግዳሚ ሁለት ጊዜ አጠበችው።