ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን

ሀረገወይን ባሏን ጋሻውን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየመችው በአንዲት ቃል ነው፤ «አልወለድንም» በምትለዋ። ሰው ልጅ አላችሁ ወይ ባለ ቁጥር እሱ ይቀድማታል። አልወለድንም።

እሷ ግን ወልዳለች። አዲስ አበባ፣ ሴት ልጅ፣ ጸጉሯ እስከ ግንባሯ የወረደ። ሴት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ልጅቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ሞተች። ያልተጠመቀ ፍታት የለውም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም ተባለ። ጋሻው በነጠላ ጠቅልሎ ወሰዳት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀብሯት ተመለሰ። «ተይ በቃ፣ እግዜር ይተካል» አላት። እግዜርም አልተካም። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከገቡ ወዲህማ የሰፈራቸው የቴሜስካል ያበሻ ሴቶች ልጅ ባሳቀፏት ቁጥር «ለአንቺም አንድ ይስጥሽ» ይሏታል። ሰጥቶኝ ነበር ልትል ትነሳና መልሳ ትውጠዋለች።

ሥራዋ ሳን ሆዜ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ጽዳት ነው። እዚያው ታሪክ የሚያስተምሩት አቶ አምሐ ከጎረቤት ከተማ ከአልባኒ ሲመጡ በመኪናቸው ያነሷታል፤ ማታም ይመልሷታል። በሰማንያ አምስት ጸደይ፣ በፈረንጁ መሆኑ ነው፣ ኮሌጁ ከሮም የመጡ የጥንት ድንጋዮች ለእይታ አቀረበ። አንድ ቀን ወለሉን ስትወለውል ከትራስ የማይበልጥ ድንጋይ ፊት ቆመች። ከላይ ወፍ የያዘች ሕፃን ተቀርጻበታለች፤ ከሥሯ ጽሑፍ አለ። ፊደል እምብዛም አልቆጠረችም፤ ቁጥሩን ግን አወቀችው። አቶ አምሐ በዚያ ሲያልፉ ጠራቻቸው።

«ጋሼ አምሐ፣ ይሄ ድንጋይ ሰዓት ነው እንዴ?»

«ምን አየሽና?»

«ቁጥሩን ነዋ። ሁለት ዘንግ፣ ስምንት ሰዓት። ይሄኛው አምስት ሰዓት። ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት እንደዚሁ ነው።»

አቶ አምሐ ሳቁ። «ያበሻን ሰዓት ሮም ድረስ ወሰድሽው። ሁለት ዘንግ ሁለት ነው፤ ስምንት የምንለው እኛ ነን። ያኛውም አምስት ሳይሆን አሥራ አንድ።»

«የምን ሁለት? የምን አሥራ አንድ?»

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «የመቃብር ድንጋይ ነው፣ የሕፃን። ስሟ ፕሪማ ነው፤ የመጀመሪያዋ ማለት ነው። ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ኖረች ይላል። እናትና አባቷ፣ በጣም ለምትጣፍጠው ልጃችን ብለው አስቀረጹላት።»

ሀረገወይን በጣቷ ቆጠረች። ሁለት ወር ስልሳ። አሥራ አንድ ሲጨመርበት ሰባ አንድ። ደግማ ቆጠረች። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ፣ አዳለጠሽ?»

«ክርስቲያን ነበሩ?»

«ኧረ ጣዖት አምላኪ ናቸው።»

«አረመኔው ቀኗን ቆጥሮላታል?»

«ቀኑንማ አይተዉም። አንዳንዱ ላይ ሰዓቱ ሳይቀር አለ።»

በመልሱ መንገድ፣ ኦክላንድ ሲገቡ ነው የተናገረችው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ እኔ ቤት ለቅሶ አለ። ይምጡ።»

«ማን ሞተብሽ?»

«ልጄ።»

«አልወለድንም ትሉ አልነበር?»

«እሱ ነው የሚል። እኔ ብዬ አላውቅም። የድንጋይዋ ልጅ እኩያ ነበረች።»

ለጎረቤቷ ለእጅጋየሁ ደወለች። «ቅዳሜ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ለሴቶቹ ሁሉ ኮል አድርጊላቸው።»

«ውይ፣ እናትሽ ናቸው?»

«ልጄ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት።»

እጅጋየሁ «ስንት ወንበር ላምጣ?» አለች።

ቅዳሜ ጋሻው ከታክሲ ሥራው ሲመለስ ሳሎኑን በሰው ተሞልቶ አገኘው። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አቶ አምሐ ኮታቸውን አውልቀው ጥግ ይዘዋል።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ልጅህ» አለችው ሀረገወይን።

«ሴትዮ፣ ያልተጠመቀ ለቅሶ የለውም። ሰው ታስቂብናለሽ?»

«ፍታት አልጠየቅሁም። ሰው ነው የጠራሁ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። ሳትጠመቅ ስም የላትም የተባለላትን የልጇን ስም፣ ሆዷ ውስጥ ብቻ ስትጠራው የኖረችውን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረችው። «ውብዳር ትባላለች። ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ኖረች።»

እጅጋየሁ ቀድማ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሻው የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ እንደቆመ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል አጉረመረመ፦

«አሥራ ሁለት ነው።»

«ምኑ?»

«ቀኑ። የሞተችበትን ቀን አልቆጠርሽም። እኔ ሁሌም ስቆጥር አሥራ ሁለት ነው የሚመጣ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሀረገወይን ደግሞ እልኸኛ ናት።

«አሥራ አንድ ነው» አለችና ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።