ወደ ግራ የሚያዩ ሰዎች

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው፤ እኔ ደግሞ አፉ ነኝ። እሱ በሳምንት የሚናገረውን እኔ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እጨርሰዋለሁ። ስንጋባ እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዕድለኛ ነሽ» ብላኝ ነበር። እናቴ ግን የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ ማንሳት ምን እንደሆነ አታውቅም። ዝም ብለው ካሜራ ቢደግኑበት ሰው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይቆጣል፣ ወይ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

ድሮ ትንሽ የጉርድ ፎቶ ቤት ነበረን። ሰው ሁሉ ካሜራውን በስልኩ ይዞ መዞር ሲጀምር እኛ ቁጭ ብለን ዝንብ ማባረር ያዝን። ባሌ አንድ ቀን ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀና ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራችን እንዲህ ነው፦ ቦርሳው በቀኝ ትከሻው ስለሚንጠለጠል እኔ ሁልጊዜ በግራው እቆማለሁ፣ ከዚያ ወሬ እጀምራለሁ። ሰዓት ሠሪውን «ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ቀጠሮ ላይ በሰዓቱ ይደርሳሉ?» እላቸዋለሁ። ቲማቲም ሻጯን «እህቴ፣ ከጉንጭሽና ከቲማቲሙ የቱ ነው የሚሸጠው?» እላታለሁ። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እሱ ቀጭ ያደርጋል። እንዲህ እንዲህ እያልን የከተማውን ግማሽ አሳቅነው።

ባሌ በሕይወቱ የተመኘው ነገር አንድ ነው፤ ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲያየው ማየት። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በረጅሙ ኮሪደር ላይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ልታሳይ እንደሆነ ስንሰማ ፎቶዎቻችንን አሳጥበን ሄድን። በዚያ ሰሞን ወንድሙ ደግሞ «የቀለም መጋዘኔን ቁልፍ የምሰጠው ሰው አጣሁ፤ ና» እያለ ይወተውተው ነበር። ባሌ በሩ ላይ ስንደርስ ቆም አለና «ይሄ ካልሆነ መጋዘን እገባለሁ» አለ። ወሬኛ ሰው ቢለው ነፋስ ይወስደዋል። እሱ ካለ ግን አለ ነው።

ኃላፊዋ ፎቶዎቹን በኮሪደሩ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«በጣም ቆንጆ ናቸው» አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ግን…»

ይህችን «ግን» የፈጠራት ሰው ዕድሜው አይርዘም።

«ግን ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚያዩት። እዚህ ብሰቅላቸው ሽንት ቤት ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።»

አየሁ። በኮሪደሩ ግራ ጫፍ ያለው በር እውነትም የሽንት ቤቱ ነው። ሰዓት ሠሪው፣ ቲማቲም ሻጯ፣ የባንኩ ዘበኛ፣ መንትያ ያዘለችው እናት፣ ሁሉም ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው ወደዚያ በር ይስቃሉ። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ በአንድ ስናያቸው ኖረን ልብ አላልነውም።

«ማንን ነው እንዲህ የሚያዩት?» ብላ ጠየቀች።

ባሌ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። በዚያች ሰዓት እንኳ ቃል አላወጣም!

«ነገ ከሰዓት መሰቀል አለባቸው» አለች ኃላፊዋ፣ አዝና። «ካሜራውን የሚያዩ ሰዎች ካመጣችሁልኝ ግድግዳው የእናንተ ነው። ካልሆነ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጎዳና ወጣን። «ብቻህን አንሳ፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ነኝ» አልኩት። ሄዶ ብስክሌት ጠጋኙ ፊት ቆመና «ፎቶ» አለው። በቃ፣ «ፎቶ»። ሰውየው መፍቻውን አስቀምጦ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለና ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ ቆመ። ፎቶው ፖሊስ ጣቢያ ካልሆነ የትም የሚሰቀል አልነበረም።

ቀጥሎ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ከባሌ ጀርባ ተደብቄ፣ ጎንበስ ብዬ የአውቶቡስ ሾፌሩን ማዋራት ጀመርኩ። ሾፌሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ «ኧረ ማናት ይቺ?» ብሎ እኔን ለማየት አንገቱን ሰገግ አደረገ። በየት በኩል? በግራ!

ቤት ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባሌ ሌንሱን በጨርቅ ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ፣ አልጋ ላይ ሕፃን እንደሚያስተኛ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ጥሩ! ግባ መጋዘን! ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ዝም ተባባሉ! እነሱም አይናገሩ፣ አንተም አትናገር፣ ተገናኛችሁ!»

ጮህኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ለእሱ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ነገ ጠዋት ተነስቼ በማን ግራ ልቆም ነው? ያቺ ቦታ ሥራዬ ብቻ አልነበረችም፤ ትዳሬም እዚያው ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ ለስድብ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር ምላሴ አይፈታም።

እሱ ጥቅሉን ቦርሳው ውስጥ ሊከት ብሎ ተወው። ከዚያ ሌንሱን መልሶ ፈታው፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ መስኮቱ ጋ ዘረጋና «ቁሚ» አለኝ።

«ማን? እኔ?»

«ግድግዳው ጋ።»

የፎቶ አንሺ ሚስት ሆኜ ያለኝ ፎቶ የመታወቂያዬ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ሰው የገደልኩ እመስላለሁ። ቆምኩ። ያን ሁሉ ሰው ያሳቅኩ ሴትዮ ፊቴ እንጨት ሆነ። «ፊቴን ምን ላድርገው? እጄንስ የት ልክተተው? ሆዴን ልሳበው ወይስ ይታወቅ?» እያልኩ ለፈለፍኩ። ካሜራው ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ካሜራውን ከሩቅ ቀጭ የሚያደርግበትን ረጅም ገመድ ይዞ ከካሜራው በስተቀኝ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

«ጋሼ፣ በሰዓቱ… ማለቴ ቀጠሮ አለዎት? ሰዓት ሠሪ ስለሆኑ ነው የጠየቅኩት።»

የኔን ቀልድ ነው! ያውም ጭራውን ከፊት፣ ራሱን ከኋላ አድርጎ።

«ቆይ፣ ሌላ አለ» አለ፤ ግንባሩ ላቧል። «እህቴ፣ ቲማቲሙ አይሸጥም። ጉንጭሽን ግን… አይ፣ ጉንጭሽም አይሸጥም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አላቆመም። ለዘበኛው ያልኩትን ለመንትያዎቹ እናት ሰጠው፣ ለአናጺው ያልኩትን ለጥርስ ሐኪሟ። አንዱም በትክክል አልመጣም፤ አንዱም ግን አልተረሳም። ወሬዬ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውዬው ሁሉንም አጠራቅሞ ኖሯል! ሆዴን ይዤ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ሳየው ቀጭ አደረገው።

በማግሥቱ ፎቶዬን አሳጥበን ቤተ መጻሕፍቱ ደረስን። ባሌ ወለሉ ላይ ከተደረደሩት ፎቶዎች መጀመሪያ፣ ከግራ ጫፍ አቆመው። ኃላፊዋ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ወደ ኋላ ሄደች። እነዚያ ሁሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ወደ እኔ ይስቃሉ፤ እኔም ወደ እነሱ። አንድ ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ኮሪደሩ በሙሉ የሳቀ ነው የሚመስለው። ኃላፊዋም ሳታስበው ፈገግ ብላ ቆየች።

«እሷን እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው?» አለችው። ከዚያ ወደ ሠራተኞቿ ዞራ «መሰላሉን አምጡልኝ!» ብላ ተጣራች።

ግድግዳው የእኛ ሆነ። ስንወጣ ወንድሙ ደወለ። ባሌ «አልመጣም» አለውና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም፤ ክፉ አመሌም ተመለሰ። «አየህ? ከተማው ሁሉ እኔን ሲያይ አንዴም ቀና ብለህ ያላየኸኝ አንተ ብቻ ነህ!» ብዬ ነካካሁት።

ቆመ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እኔም አንቺን ባይ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን ከሁለታችን አንዳችን መሥራት ነበረብን።»

እኔ፣ አፉ፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ዝም ብዬ በግራው ሄድኩ።