አሥራ ሦስተኛው መስመር

ደብተራ ታረቀኝ በደብረ ወርቅ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰው ነበሩ። ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ ምሽጋቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ሲተክሉ፣ ቁጥር ያውቃሉ ብለው በየጠዋቱ ለክተው እንዲጽፉ አስገደዷቸው። የየአገሩ መዝገብ ተሰብስቦ አዲስ አበባ ይላክ ነበር።

ቅጹ እንደ ጣሊያን አቆጣጠር ለአሥራ ሁለት ወር አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፤ ደብተራው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሞሉት። ፲፱፻፴ ዓ.ም. ሲያልቅ ደብተራው በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩና «ጳጉሜን» ብለው የአምስቱን ቀን ዝናብ አሰፈሩ።

የምሽጉ ጣሊያናዊ ሹም አይቶ ሰረዘው። «ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ይላል፤ ዝናቡን ከነሐሴ ጋር ይደምሩት» አላቸው አስተርጓሚው።

«ዝናቡ የጣለው ጎጃም ላይ ነው» አሉ ታረቀኝ። «ሮም ላይ ቢጥል በሮም ወር እጽፈው ነበር።»

ሃያ ጅራፍ ተገረፉ። ከዚያ እንዲያርሙ ብዕሩን ሲያስጨብጧቸው «ጳጉሜን» ብለው ከፊተኛው አጉልተው ጻፉ። ሹሙ ቅጹን ቀዶ አባረራቸው፤ የደብረ ማርቆስ መዝገብም ሳይላክ ቀረ።

ሚስታቸው ወይዘሮ የብርጓል ቁስላቸውን እያጠበች፣ «ለአምስት ቀን ብለው ነው አንቱ?» አለቻቸው።

«አምስት ቀን የሰጠ ዓመቱንም ይሰጣል» አሉና ያልታጠበውን ትከሻቸውን አዞሩላት።